ያልተጠየቀው ምስክር

ሰውዬው በቴሌቪዥን ሻይ ሲጠጣ ያየሁት ደብረ ማርቆስ፣ እቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ባለቤቴ በአንድ ጎኔ፣ ትልቋ ልጄ በሌላው ጎኔ ነበሩ።

ስሙን አልጽፍም። በእኛ አገር "ሰውዬው" ከተባለ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በወታደሩ መንግሥት ጊዜ እዚህ ትልቅ ባለ ሥልጣን ነበር፤ ሲናገር አገር የሚሰማው፣ ሲቆጣ አገር የሚያልቅበት። ከሞተ ቆይቷል፤ ክርክሩ ግን አልሞተም። ግማሹ ሰው መንገድ አወጣልን፣ ትምህርት ቤት ከፈተልን፣ የተራቆተውን ተራራ ዛፍ አለበሰው ይላል። ግማሹ ደግሞ ልጄን ለጦርነት ማገደብኝ፣ ቤቴን አፍርሶ ሜዳ ላይ አሰፈረኝ ይላል። ሁለቱም የሚሉት ሆኗል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ።

ስለ ሕይወቱ በተሠራው ድራማ ላይ ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ ሉማሜ ከምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ገባ። ተዋናዩ መልከ መልካም ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጥርሱ ነጭ።

"እውነተኛው እንዲህ አላማረም" አልኩ። "አፍንጫው ደፍጣጣ ነበር።"

"አባዬ፣ እባክዎ ዝም ብለው ይዩ" አለች ልጄ።

ሰውዬው ሻዩን ቀመሰና ጣፈጠው፤ ሻይ ያቀረበለትን ወጣት ጠርቶ "አንተ፣ ስኳሩን ሁሉ ለእኔ ካደረግኸው ነገ ለሚመጣው መንገደኛ ምን ልታጠጣው ነው?" አለና ከት ብሎ ሳቀ። ወጣቱም አብሮ ሳቀ።

ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ወንድሜ! ይኼ እኮ ወንድሜ ነው!" እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

እውነቷን ነው። የባለቤቴ ወንድም ሉማሜ ላይ ከአባቱ የወረሰው ሻይ ቤት አለው። እሱ ወጣት ሳለ ሰውዬው አንድ ቀን ከሻይ ቤቱ አረፍ ብሎ እንደነበር ለአውቶቡስ መንገደኛ ሁሉ ሲያወራ ኖሯል። እኔ ያን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ሰውዬው ሻዩን ጠጥቶ ዝም ብሎ ነበር የሄደው። ሳቁ የተጨመረ ጊዜ እኔ እዚያው ነበርኩ። ስኳሩ ኋላ የመጣ ነው።

ልጄ እዚህ ከተማ የአማርኛ መምህርት ናት፤ መጻፍም ትወዳለች። ድራማውን የሚሠሩት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው አገሩን የምታውቅ ደራሲ ሲፈልጉ እሷን አገኙ፤ ጎጃም ውስጥ የሚሆነውን ክፍል እንድትጽፍ ሰጧት። ይህን አውቅ ነበር፤ ኮርቼም ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ሁሉ ሉማሜ ስትመላለስ ግን አጎቷን ልትጠይቅ ብቻ የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። የተወለድኩት ዲማ አጠገብ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያስተማረኝ የለም። አናጢነቱንም ቢሆን የሌላውን እጅ እያየሁ ነው የለመድኩት። ማታ ማታ ያገኘሁትን አነብባለሁ። ስለ ሰውዬው የተጻፈ፣ የሚያመሰግነውም የሚረግመውም፣ እጄ ገብቶ ሳላነብበው የቀረ የለም። ልጆቼን በእውነት ቁሙ፣ ያላያችሁትን አታውሩ፣ በሰው ነገር አትቅኑ እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። የሚስቴ ወንድም መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። ሲዋሽ ግን ያምርበታል።

በማግስቱ ልጄ ምሳዬን ይዛልኝ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። አንድ በር እያለሰለስኩ ነበር። መላጊያውን አላስቀመጥኩም።

"የትናንቱን አጎትሽ ነገረሽ?"

"አዎ። እሱ እኮ ሲያወራ ሰውዬው ይታይዎታል። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ኮቱን ምን ላይ እንደሚያደርግ…"

"እኔም አይቼዋለሁ።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

"ታዲያ?"

ምሳውን ከፈተችልኝ፤ ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር። "አባዬ፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ይፈርዳሉ እንጂ አያወሩም። 'ያ አረመኔ መጣ፣ ወንድሜን ወሰደ፣ አረመኔ ነበር' ብለው ይጨርሳሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ ተዋናይ ማቆም አልችልም። ምን ብሎ ይናገር? እጁን የት ያድርግ?"

በሩን ከሚገባው በላይ ላግሁት፤ በኋላ ከመቃኑ ጋር አልገጥም ብሎ ሌላ ሳንቃ አስወጣኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ለመናገር አፍራለሁ። ልጄ አጎቷን "አንተ" ትለዋለች፤ እኔን "እርስዎ"። ይህ በእኛ ቤት ሁልጊዜም የነበረ ነገር ነው፤ ያስለመድኳትም እኔ ነኝ። አሁን ግን በስልክ ከእሱ ጋር ስታወራ "አንተ ደግሞ! አትዋሽ!" ብላ ስትስቅ ስሰማ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሳልዋሽ ኖሬ እንዲህ ያለ ሳቅ አላገኘሁም እያልኩ መላጊያዬን ጥርቅም አድርጌ እይዛለሁ። ልጄ ሰውዬውን በእሱ ዓይን አይታ ልትጽፈው ነው፤ አገሩም እሷ የጻፈችውን ሊያምን ነው። የወንድሜ ሞት በስኳርና በሳቅ ሊሸፈን ነው። የምፈራው ይህን ነበር። ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለራሴም አልነገርኩትም።

ድራማው ከታየ በኋላ የባለቤቴ ወንድም ሰው ሆነ። አውቶቡስ ሉማሜ ሲቆም መንገደኞች ወርደው "ሰውዬው የተቀመጠበት ወንበር የትኛው ነው?" ብለው ይጠይቁታል አሉ። እሱም ግድግዳውን ተጠግታ ያለችውን አንዲት ወንበር ያሳያቸዋል። ሰው ተቀምጦባት ፎቶ ይነሣል። ያችን ወንበር የሠራኋት እኔ ነኝ። ሰውዬው ከሥልጣኑ ከወረደ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለእሱ ልጅ ክርስትና በስጦታ ያመጣኋት ናት።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት "ታዲያ ደስ አይልህም? ወንበርህ ታዋቂ ሆነች" አለችኝ።

በዚህ መሀል የወሩ ጽዋ ማኅበር ተረኛ እኔ ሆንኩ። ማኅበራችን የቆየ ነው፤ በየወሩ በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን፣ ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፣ ጽዋው ይዞራል፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ተረኛ ያልፋል። የባለቤቴ ወንድምም አባል ነው፤ ተራው ሲደርስ እኛ ሉማሜ እንወርዳለን። ማኅበሩን የሚመራውን ሰው ሙሴ እንለዋለን። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው "ቂም የያዘ፣ የተጣላ አለ?" ብሎ ይጠይቃል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይጠጣም። ሙሴው ሲጠይቅ ሁሉም "የለም፣ እግዜር ይመስገን" ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው።

የዚያን ቀን ሙሴው እንደ ወትሮው ጠየቀ። ሁሉም "የለም" አለ። እኔ አፌን ከፈትኩና ቃሉ አልወጣ አለኝ። የተባረከ ዳቦ ፊት መዋሸት አልቻልኩም።

"እኔ አልጠጣም" አልኩ።

"ምነው? አመመህ እንዴ?" አለ ሙሴው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ እርጋታ አለው።

"አላመመኝም። ተጣልቻለሁ።"

"ከማን?"

በአገጬ ወደ ባለቤቴ ወንድም አመለከትኩ። ዳቦ አፉ ላይ ሊያደርስ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። "ከእኔ? እኔና አንተ? መቼ?"

"አንተ አታውቀውም።"

ከጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቁ። "ጉድ እኮ ነው! አንዱ ብቻ የተጣላበት ጠብ ዛሬ አየሁ።"

"ድንበር ነው?" አለ ሙሴው።

"አይደለም።"

"ሰድቦህ ነው? ስምህን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም አላደረገኝም።"

"ታዲያ ምንድን ነው ነገሩ? ቄሱ እኮ ቆመዋል።"

ሴቶቹ ከጓዳ በር ላይ ተሰብስበው ነበር። ልጄ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከፊታቸው ቆማለች። እሷን ላለማየት ወለሉን አየሁ። "ልጄ ስለ ሰውዬው ልትጽፍ ፈልጋ እሱን ጠየቀችው። እኔን አልጠየቀችም።"

ሽማግሌው "ቅናት ነዋ!" አሉና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቄሱም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"አዎ" አልኩ። "ቅናት ነው።" ከአፌ ሲወጣ ነው ያወቅሁት። ለልጆቼ ቅናት የቃየል ነው እያልኩ ያስተማርኩት እኔ፣ በቤቴ፣ በእንግዶቼ ፊት እንዲህ አልኩ።

የሰውዬው ነገር ከተነሣ ደግሞ ዝም የሚል የለም። "ስለዚያ ደም መጣጭ ብለህ ነው ከቤተ ዘመድ የምትጣላው?" አለ አንዱ። ሌላው ወዲያው "ደም መጣጭ? ልጆችህ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ማን አሠራው? አያትህ ነው?" አለው። "አያቴን ተው! አያቴን ከቤቱ ያፈናቀለው ማን ሆነና!" ድምፅ ከፍ ከፍ እያለ ሄደ።

ሙሴው በመቋሚያው ወለሉን መታ። "እሱን የሚፈርድበት ላይ ነው ያለው። እኛ እዚህ ያሉትን ሁለቱን እናስታርቅ።"

የባለቤቴ ወንድም እንደ ልማዱ ቀልድ ጀመረ። "እንግዲህ ካሳ ልክፈለው? ወንበሩን ልመልስለት?" ሳቁ ግን አልተከተለውም፤ እሱም ፊቴን አይቶ ድምፁን ቀነሰ። "አማቼ፣ እኔ ያየሁት ሰውዬው ሻይ ሲጠጣ ነው። ሌላ አላየሁም። አንተ ያየኸውን እኔ ባየው ኖሮ ሻይ ቤት ውስጥ የማወራው ይመስልሃል? ይኸው ልጅህ ቆማለች። ንገራት። ማን ከለከለህ?"

"አልጠየቀችኝማ።"

ሙሴው ወደ ልጄ ዞረ። "አንቺ ልጅ፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጪና አባትሽን ጠይቂው።"

አስቀመጠችና መጥታ ከፊቴ ቆመች። "አባዬ" አለች፤ ድምፅዋ አልጠነከረም። "ሰውዬው እናንተ መንደር የመጣ ቀን ምን ሆነ?"

"አንተም" አለ ሙሴው ወደ እኔ፣ "ስትናገር ያየኸውን ብቻ። ፍርዱን ለባለቤቱ ተው።"

ጀመርኩ። "ያ አረመኔ…" ስል ሙሴው ጣቱን አነሣ። እንደገና ጀመርኩ።

ክረምት ነበር። ወጣቶቹን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስበዋቸው ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ከእነሱ ጋር ነው። እኔ ቁመቴ አጥሮ ተውኝ። ዝናብ ይወርዳል። የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል። ሰውዬው ከደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ወታደር ከኋላው ጃንጥላ ይዞለታል። እናቴ በሰው መሀል አልፋ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ጉልበቱን ያዘች። ወታደሮች ሊጎትቷት ሲመጡ "ተዉ" አላቸው። በሁለት እጁ አነሣት። ቀሚሷ በጭቃ ተለውሶ ሱሪውን አበላሸው፤ አላየውም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ አያስፈልግም ብዬ።

"ከዚያስ?" አለች ልጄ።

ከዚያ ጃንጥላውን ከወታደሩ እጅ ወሰደና ለእናቴ ሰጣት። አልያዝ ስትለው ጣቶቿን አንድ በአንድ እጀታው ላይ አጠፈላት። "እናቴ፣ ዝናቡ ይመታዎታል" አላት። ፊቱ ላይ ሹፈት አልነበረም፤ በደንብ አይቼዋለሁ። ከዚያ ዞሮ ለሾፌሩ "ንዳው" አለው። ወንድሜ በመኪናው ላይ ሆኖ ሄደ። እናቴ ጃንጥላውን ይዛ ቆማ ቀረች። ወንድሜን ከዚያ በኋላ አላየነውም፤ የመጣልን መርዶው ብቻ ነው።

"ጃንጥላውንስ?" አሉ ሽማግሌው።

"እስኪቀደድ ድረስ በየክረምቱ ቤተ ክርስቲያን ትሄድበት ነበር። አባቴ እንድትጥለው ጠየቃት። 'ልጄን ወሰደ፤ ጃንጥላ ሰጠ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው' አለችው። ከዚያ ሌላ ስለሱ ስትናገር አልሰማኋትም።"

የሚረግመውም የሚያመሰግነውም ዝም አለ። የባለቤቴ ወንድም ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ ተነሣና ጽዋውን ከቄሱ ተቀብሎ በራሱ እጅ ወደ አፌ አስጠጋልኝ። ጠጣሁ። እሱም ጠጣ። ታረቅን፤ እውነተኛ ዕርቅ ነበር።

ቅናቴ አብሮ የሚታረቅ መስሎኝ ነበር።

የዚያ ክፍል ድራማ የታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያ መልከ መልካም ተዋናይ በሰው ሠራሽ ዝናብ ሥር ቆመ። አንዲት አሮጊት ተዋናይት ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ እናቴን አትመስልም፤ እናቴ ቀጭን ነበረች። ሰውዬው አነሣት፣ ጃንጥላውን ሰጣት፣ ጣቶቿን አጠፈላት። ባለቤቴ አለቀሰች። ከዚያ መኪናው ሄደ፤ አሮጊቷ ረጅሙን መንገድ ጃንጥላውን ይዛ ብቻዋን ስትሄድ ታየች። ቃል የለም። ሁለት ሰው በሚያስጠልል ጃንጥላ ሥር በአንዱ በኩል ብቻ ትሄዳለች። ሌላው ወገን ባዶ ነው። ልጄ ይህን የጨመረችው ከራሷ ነው። እኔ አልነገርኳትም። ግን እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ እንዲሁ ነበር የሄደችው።

በማግስቱ የከተማው ሰው ያየው ባዶውን ወገን አልነበረም። "ለካ ሰው ነበር!" አለኝ ዳቦ የሚሸጥልኝ ሰው። "እንዲያ ሊያዝን! እናትህ ናት አሉ፤ ታድለዋል።" ሥራ ቦታዬ ስደርስ ደግሞ ቤቱ የፈረሰበት ጎረቤቴ ጠበቀኝ። "ልጅህ ያንን ሰው በሳሙና አጠበችው። አንተ ደግሞ ሳሙናውን አቀበልካት" አለኝ። ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ወንድም ደወለ። "አየህ? ደግ ነበር አላልኩህም?"

"ወንድሜንስ?" አልኩት።

"እሱማ… እሱማ የታወቀ ነው።"

የታወቀ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

ማታ ልጄን ተቆጣኋት። "ሞቱን ማሳየት ነበረብሽ። ሬሳውን፣ መርዶውን፣ ለቅሶውን። ሰዉ ጃንጥላውን ብቻ ይዞ ሄደ።"

"አያቴ የፈረደችውን ያህል ነው የፈረድኩት" አለች። "ከዚያ በላይ ቢሆን ሐሰት ይሆንብኝ ነበር።"

አያቷን አታውቃትም፤ ከመወለዷ በፊት ነው የሞተችው። እኔ ከእናቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አድጌ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላመንኩትን፣ ይህች ልጅ አንድ ቀን ማኅበር ላይ ሰምታ ገባት። ሁለቱ ከእኔ በላይ ተግባብተዋል። ያኔ ቅናቴ ከሉማሜ ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ አየሁት። በባለቤቴ ወንድም መቅናት ይቀል ነበር፤ እሱን ቢያንስ መውቀስ ይቻላል። በእናቱና በልጁ መካከል ተቀምጦ መቅናትን ግን ለማን ይናገሩታል? ማኅበሩም አያስታርቀውም።

ደግ ሥራ እንደሠራች አውቃለሁ። ሰውዬውን አላጠበችውም፤ አልቀበረችውምም። እኔ በጩኸት ያልቻልኩትን እሷ በዝምታ ሠርታዋለች፤ የሚያይ ያየዋል። አባት ይህን ለልጁ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለሌሎች አባቶችም ስመክር ኖሬአለሁ። በሦስተኛው ቀን ነገርኳት። "ባዶው ወገን ጥሩ ነበር" አልኳት። ሌላ አልወጣኝም። እጄን ስማ ሄደች።

አሁን ሰውዬው ከሥልጣን የወረደበትን ክፍል እየጻፈች ነው። ቅዳሜ እንደገና ሉማሜ ትወርዳለች፤ አጎቷ አዲስ ወሬ አለኝ ብሏታል፤ ሻይ ሳይሆን አይቀርም። እኔም አላግዳትም።

አንድ ነገር ግን አለ። በድራማው ላይ ጃንጥላው ጥቁር ነበር። የእናቴ ጥቁር አልነበረም። ቀለሙን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ ብትጠይቀኝ እነግራታለሁ፤ አልዋሻትም። እስካሁን አልጠየቀችኝም።